ለመቶ ዓመት የጠፋችው የአንኮበር ወፍ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ አንዲት ወፍ ልብ ሳትሏት አብራችኋት አድጋችኋል። ጎፋ ሁኑ ጀሞ፣ ለቡ ሁኑ ሃና ማርያም፣ ጠዋት አጥር ላይ ወይም የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ቁጭ ብላ ታገኟታላችሁ። ቡናማ ናት። ከዓይኗ በላይ ነጣ ያለ መስመር አላት፤ ምንቃሯ አጭርና ወፍራም ነው፣ ጥሬ ለመፈልፈል የተሠራ። መልኳ ዓይን አይስብም፤ ስለዚህ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ግን ይህችን ወፍ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም ሄዳችሁ አታገኟትም። ከሩቅ አገር ብዙ ገንዘብ ከፍለው እሷንና ዘመዶቿን ለማየት የሚመጡ ሰዎች አሉ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ዘመዶቿ ነው። ሳይንቲስቶች “ፊንች” ብለው ስለሚጠሯቸው ጥሬ ለቃሚ ትናንሽ ወፎች፣ በተለይ ደግሞ ከመካከላቸው ከመጽሐፍ ላይ ልትሰረዝ ጥቂት ስለቀራት አንዲት የአንኮበር ወፍ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕር የሌላት ደሴት

ፊንች ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ደሴት ነው። ለምሳሌ በፓስፊክ ውቅያኖስ ቫኑዋቱ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እዚያ ጫካ ውስጥ አንዲት የፊንች ዘመድ ትኖራለች፤ ራሷ ደማቅ ቀይ፣ ደረቷ ሰማያዊ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ። የቀለም ቆርቆሮ የተደፋባት ነው የምትመስለው። ምግቧ በአብዛኛው የሾላ ዘመድ የሆኑ ዛፎች ፍሬ ነው። ከእነዚያ ደሴቶች ውጭ በዱር አትገኝም፤ ዙሪያዋን ባሕር ነዋ!

እንግዲህ “እኛ ባሕር የለን፣ ደሴት ከየት ይመጣል?” ትሉ ይሆናል። እስቲ ነገሩን ከወፏ ወገን ሆናችሁ እዩት። ደሴት ማለት ለእናንተ የሚመች፣ ዙሪያው ግን የማይመች ቦታ ነው። ብርድ የለመደች የደጋ ወፍ ሙቀቱ የሚያቃጥለውን የአፋር በረሃ ወይም የስምጥ ሸለቆውን ቆላ አቋርጣ ካልሄደች ሌላ ደጋ አታገኝም። ለእሷ ቆላው ባሕር ነው። ከአፍሪካ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው መሬት 80 በመቶ ያህሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ይባላል። ይህ ማለት አገራችን ለደጋ ፍጥረት ትልቅ ደሴት ናት፤ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ደሴቷን ለሁለት ይከፍላታል። በላይዋም ትናንሽ ደሴቶች አሉ፦ ሰሜን ተራሮች፣ ጓሳ፣ ባሌ። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሌላ አገር የሌሉት በዚህ ምክንያት ነው። ወፎቹም እንደዚያው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ማጥራት ያስፈልጋል። እኛ “ብርቅዬ” ስንል ሁለት ነገር እናቀላቅላለን፦ “እዚህ ብቻ የሚገኝ” እና “ቁጥሩ ትንሽ የሆነ”። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጭንቅላቷ ጥቁር ሌላ አካሏ ቢጫማ የሆነች የደጋ ፊንች አለች፤ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኢትዮጵያን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ በ1840 ሳይንሳዊ ስም ሰጣት። የምትገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ደጋ ሜዳ ላይ በመንጋ ታዩዋታላችሁ። የዛሬዋ ባለታሪካችን ግን በሁለቱም ትርጉም ብርቅዬ ናት።

ሌት ማረፊያ

ታሪኩ የሚጀምረው በ1876 ነው። የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላከው የተመራማሪዎች ቡድን በማርኪስ ኦራዚዮ አንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ መጣ። ዓላማቸው ሸዋ ላይ መቅረት አልነበረም፤ ወደ ምድር ወገብ ሐይቆች ማለፍ ነበር የፈለጉት። የያኔው የሸዋ ንጉሥ ምኒልክ ግን አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ ሰጧቸው። ስሙን ልብ በሉ፤ ለአንድ ሌሊት ማረፊያ ተብሎ የተሰየመው ቦታ ለዓመታት የምርምር ጣቢያ ሆኖ ቀረ።

አንቲኖሪ ያኔ ከስልሳ ዓመት በላይ ሽማግሌ ነው። በአደን አደጋ እጁ ቆስሎም ወፍ መሰብሰቡን አልተወም። በ1882 እዚያው ሌት ማረፊያ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከእሱ በኋላ ሐኪሙ ቪንቼንዞ ራጋዚ ሥራውን ቀጠለ፤ ከ1884 እስከ 1886 ድረስ ብዙ ወፎች ሰበሰበ።

“ሰበሰበ” ስል ምን ማለቴ ነው? በዚያ ዘመን ዛሬ እጃችሁ ላይ እንዳለው ዓይነት ካሜራ የለም። አንድን ወፍ ለማጥናት ተኩሶ መጣል፣ ቆዳዋን ከነላባዋ መግፈፍ፣ ጥጥ መሙላት፣ እግሯ ላይ ቦታና ቀን የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ማሰር ነበር ሥራው። ዛሬ ሲያስቡት ያሳዝናል። ግን ያቺ ትንሽ ወረቀት ወደ ኋላ ትልቅ ነገር ትሠራለችና አትርሷት።

ቆዳዎቹ በበቅሎና በግመል ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ፣ በመርከብ ጣልያን ገቡ። የመረመራቸው ሰው ቶማሶ ሳልቫዶሪ ይባላል፤ የቱሪን ሙዚየም ሰው ነው። የሚገርመው ሳልቫዶሪ በዓለም የታወቀው በደሴት ወፎች ነው። ስለ ኒው ጊኒና ስለ ሞሉካ ደሴቶች ወፎች ግዙፍ መጽሐፍ ጽፏል፤ ጠረጴዛው በቀስተ ደመና ቀለማት የተሞላ ነበር ማለት ነው። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ከአንኮበር የመጡ ሦስት ግራጫ ቡናማ ቆዳዎች ዓይኑን ያዙት። ጉሮሯቸው ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ፣ ከጀርባቸው ግርጌም ቢጫ። ከሚያውቃቸው ዝርያዎች ከአንዱም ጋር አልገጠሙለትም። በ1888 አዲስ ዝርያ ናት ብሎ “ፍላቪጉላ” የሚል ስም ሰጣት፤ በላቲን ባለ ቢጫ ጉሮሮ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ወሬዋ ጠፋ። አንድ ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ ሃምሳ ዓመት። አንድም ተመራማሪ ደግሞ አላያትም።

ለማን ነው የጠፋችው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። በአንኮበር ቁልቁለት ከብት የሚጠብቅ ልጅ ወፏን አያያትም ነበር? ያያታል እንጂ! ማሳ የሚጠብቅ ገበሬም ያያታል። ግን እነሱን የጠየቀ የለም፤ የነሱ ዕውቀትም በመጽሐፍ አልተጻፈም። ስለዚህ “ጠፋች” ሲባል የጠፋችው ለመጽሐፉ ነው።

ለመጽሐፉስ ለምን ጠፋች? እኔ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ወንፊታችንን ወደ ራሳችን ከተማ ያመጣዋል።

እነዚያ ሦስት ቆዳዎች የተሰበሰቡባቸው ዓመቶች፣ ከ1880 እስከ 1886፣ በሸዋ ታሪክ ትልቅ መዞሪያ ናቸው። ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ያዞሩት፣ በ1886ም አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ከባሕሩ ዳርቻ የሚመጣ ነጋዴ፣ መልእክተኛም ሆነ ተመራማሪ፣ ከቆላው ተነስቶ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል የአንኮበርን ዳገት ይወጣ ነበር። ያቺ ወፍ ደግሞ የምትኖረው በደጋው አናት ላይ አይደለም፤ ቁጥቋጦ በለበሰው፣ ሞቅ ባለው የቁልቁለቱ ግርጌ ነው። መንገደኛው ሁሉ በደጃፏ ያልፍ ነበር ማለት ነው። መናገሻው ሲዞር መንገዱም ዞረ። በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የድሮው የሲራራ መንገድ ከነአካቴው ዳር ሆነ። አንኮበር ጸጥ አለች። ወፏ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም፤ የራቀው መንገዱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መጽሐፉ ራሱ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሊቃውንቱ መጠራጠር ጀመሩ። “ሦስት ቆዳ ብቻ? ምናልባት የራሷ ዝርያ ሳትሆን ድቅል ትሆን?” አሉ። እንደ በቅሎ አስቡት፤ በቅሎ ከአህያና ከፈረስ ትወለዳለች፣ የበቅሎ ዝርያ የሚባል ግን የለም። ያቺም ወፍ በአካባቢው ከሚኖሩ ሁለት ቢጫማ ዘመዶች የተዳቀለች ናት ተባለ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። የፊንች ዘመዶች እርስ በርስ እንደሚዳቀሉ ወፍ አርቢዎች ሁሉ ያውቃሉ። ሦስት ቆዳ ደግሞ እውነትም ጥቂት ነው።

ግን ውጤቱን እዩት። “ድቅል ናት” ከተባለ ማን ሊፈልጋት ይሄዳል? የሌለች ነገር አትፈለግም። ካልተፈለገች ደግሞ አትገኝም። ካልተገኘች “አየህ፣ የለችም!” ይባላል። ጥርጣሬው ራሱን በራሱ እየመገበ ኖረ።

መዥገር ሊያጠና የመጣው ሰው

በ1969 ጆን አሽ የሚባል እንግሊዛዊ አዲስ አበባ መጣ። ያኔ እዚህ ከተማ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ጣቢያ ነበር፤ የአሽ ሥራ ወፎችና በላያቸው የሚጣበቁ መዥገሮች በሽታ ከቦታ ወደ ቦታ እንዴት እንደሚያጓጉዙ ማጥናት ነበር። ለዚህ ሥራ በመረብ ወፍ ይያዛል፣ ይመዘናል፣ እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ይደረግለታል፣ ይለቀቃል። የቆዳው ዘመን እያለፈ የቀለበቱ ዘመን እየመጣ ነበር።

በ1976 አሽ አንኮበር አጠገብ ገደሉ አፋፍ ላይ አንዲት ፊንች አየ። ብርድ በሚያንቀጠቅጥ ከፍታ፣ ወደ 3000 ሜትር ግድም፣ መሬት ላይ በመንጋ እየዘለለች ጥሬ የምትለቅም፣ መላ አካሏ በቡናማ ዝንጉርጉር የተሞላ ወፍ። ከፍላቪጉላ ጋር አታምታቷት፤ ይህችኛዋ የአፋፉ ናት፣ ያቺኛዋ የግርጌው። የሚያስደንቀው፣ ይህችን ከነጭራሹ ማንም ሰው በሳይንስ መዝገብ አላሰፈራትም ነበር። አንቲኖሪና ራጋዚ ለዓመታት በኖሩበት አካባቢ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ አዲስ ዝርያ! በ1979 በአገሯ ስም “አንኮበሬንሲስ” ተባለች። በኋላ ጓሳ ላይ፣ ከዚያም ርቆ ሰሜን ተራሮች ላይ ተገኘች። የደሴቱ ነገር እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ አንዲት ወፍ፣ በመካከላቸው ብዙ ርቀት ባለ ቀዝቃዛ አናቶች ላይ ብቻ።

የ1976ቱ ግኝት አንድ ጥያቄ አስነሳ። አንኮበር እንዲህ ያለ ነገር ደብቃ ከኖረች፣ ሌላስ ምን አለ?

በ1989 አሽ ወደ አካባቢው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ወደ ቁልቁለቱ ግርጌ፣ ወደ ቁጥቋጦው ወረደ። እዚያም ቢጫ ጉሮሮ ያላቸው ግራጫ ቡናማ ወፎች አገኘ፤ ሕያው፣ ጥሬ የሚለቅሙ። ድቅል ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ወደ እናቱ፣ ሌላው ወደ አባቱ እያዘነበለ መልካቸው በተዘበራረቀ ነበር። እነዚህ ግን ሳልቫዶሪ እንደጻፋቸው ናቸው። ከመጨረሻው ቆዳ እስከዚያች ቀን 103 ዓመት አልፏል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በመተሐራ አጠገብ ባለው በፈንታሌ እሳተ ገሞራ ላይም ታየች። ፈንታሌ የት ነው? ባቡሩ የሚያልፍበት! ስንት ተሳፋሪ፣ ስንት የተማረ ሰው በመስኮት እያየ አልፏል። መንገድ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ “አለች” ብሎ የሚፈልግ ዓይንም ያስፈልጋል።

ሌት ማረፊያ ላይ የታሰረችውን ያቺን ትንሽ ወረቀት አስታወሳችሁ? “አንኮበር አካባቢ” የሚለው ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ማንም ሰው የት ሄዶ መፈለግ እንዳለበት አያውቅም ነበር። ወረቀት ከሌለ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። ልዑል ዩጂኒዮ ሩስፖሊ የሚባል ጣልያናዊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል አንዷ አረንጓዴ፣ ቀይና ነጭ ያጌጠች፣ እጅግ ውብ የጫካ ወፍ ነበረች። ግን የት እንደተያዘች አልተጻፈም። ስም የሰጣት ይኸው ሳልቫዶሪ ነው፣ በ1896። አገሯ ግን አይታወቅም። ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ቤንሰን የሚባል ወፍ አዋቂ ቦረና ውስጥ በአሬሮ ጫካ አገኛት። ያ ሁሉ ቀለም ከመረሳት አላዳናትም።

ወፍ ዋሻና መናገሻ

ቀለም ካነሳን፣ የቫኑዋቱዋ ባለቀለም ወፍ በእኛም ደን ውስጥ ዘመድ አላት። ጭንቅላቷ አመድማ አረንጓዴ፣ ጀርባዋ ደም የመሰለ ቀይ ነው። በደጋ ደን ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር ባለው ጨለምለም ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ትሹለከለካለች፤ ስትበር ቀይ ብልጭታ ብቻ ነው የምታዩት። ጀርመናዊው አንቶን ራይሄኖቭ በ1892 ስም ሲያወጣላት በሳልቫዶሪ ሰየማት። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የምትገኝ አይደለችም፤ እስከ ኬንያና ኮንጎ ተራሮች ድረስ፣ ከደሴት ደሴት፣ አለች። ደን ከሌለ ግን የለችም። የሷ ደሴት ከተራራም በላይ ጠበብ ያለ ነው፦ ተራራ ላይ ያለ ደን።

አንኮበርና ጣርማ በር መካከል ያለው ጥንታዊ ደን ስሙ ወፍ ዋሻ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ላይ አስተከሉ፤ ከዚያ የመጣ ነው የመናገሻ ሱባ ደን። ጀሞ ወይም ለቡ ካለ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ብታዩ የሚታየው ወጨጫ ተራራ የዚያ ደን ተሸካሚ ነው። ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ በዚያ ዘመን የኖሩ ሰዎች አንዱን ደሴት ከሌላው በዘር አገናኝተዋል።

እኛ በተራችን የተከልነው በአብዛኛው ሌላ ነው፦ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። ማገዶና ምሰሶ ሆኖ አዲስ አበባን አቁሟታል፤ ውለታውን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከሥሩ ቁጥቋጦም ሣርም እምብዛም አይበቅልም። ቁጥቋጦ ከሌለ ጥሬ የለም፤ ጥሬ ከሌለ ፊንች የለም። የአንኮበሯ የአፋፍ ወፍ ደግሞ የምትኖርበት መሬት ቀጭን ሰቅ ነው፤ ከአንድ ወገን ገደል፣ ከሌላው ወገን እየገፋ የሚመጣ ማሳና ባሕር ዛፍ።

መፍትሔው ሰውን ማባረር ነው? መንዝ ላይ ያለውን እዩ። የጓሳን ሣር ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ “ቄሮ” በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ ሣሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። የ1975 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ሕዝቡ መልክ ለውጦ አቋቋመው። ዛሬ ቀይ ቀበሮም፣ ጭላዳም፣ የአንኮበሯ ወፍም እዚያ አሉ። ማንም ለወፍ ብሎ አልጀመረውም፤ ለክዳን ሣር ነው። ወፏ በሣሩ ተጠቀመች።

እናንተስ?

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው በድሮ ጊዜ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ ነው፤ ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚሄድ መልእክት ማለት ነው። ዛሬ ያ መልእክት መላኪያ በየኪሳችሁ አለ። አንቲኖሪና ራጋዚ ለአንድ መረጃ አንዲት ወፍ ይገድሉ ነበር። እናንተ አንድ ፎቶ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብትመዘግቡ ያው ሥራ ተሠራ፤ ወፏም በሕይወት ሄደች።

ከአጥራችሁ ጀምሩ። ያቺን ባለ ነጭ ቅንድብ ቡናማ ወፍ ለአንድ ሳምንት ተከታተሏት፦ ስንት ናቸው? ምን ይለቅማሉ? የትኛው ዛፍ ላይ ይሠፍራሉ? አጠገባችሁ ያለው ባዶ ቦታ ፎቅ ሲሠራበት የት ይሄዳሉ? አያቶቻችሁንም ጠይቁ፤ ላፍቶና ለቡ እርሻ በነበሩ ጊዜ ምን ወፍ ነበር፣ በምን ስም ይጠሩት ነበር? ስሙን ጻፉት። ቦታና ቀን ጨምሩበት።

ምክንያቱም ፍላቪጉላን ከመሰረዝ ያዳኗት ሦስት ቆዳዎችና በእግራቸው ላይ የታሰሩ ሦስት ወረቀቶች ናቸው። ሰፈራችሁ ውስጥ ዛሬ ያለው ወፍ ከሃምሳ ዓመት በኋላ “ኖሮ ያውቃል ወይ?” ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ያለው እናንተ በምትጽፉት ላይ ነው።